«ዝም ይበሉ» የሚለው ሰሌዳ

እሑድ፣ ጥቅምት 3

ሁለት ምት። በእኔ አፍ ምክንያት።

ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ከንዴት ነው፤ በማን እንደተናደድኩ ግን ገና አልወሰንኩም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 4፣ ማታ

አሁን በሥርዓቱ ልጻፈው።

ልጃችን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሌላ ልጅ የለንም። ገና ትንሽ ሳለች አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ጎልፍ ሜዳ ወሰደቻትና በዚያው ቀረች። እኔ ነገሩን ጨዋታ ብዬ ለመጥራት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ትንሽ ኳስ መትቶ ማራቅ፣ ከዚያ ያራቁትን ፍለጋ በእግር መሄድ፤ ሥራ ያጣ ሰው የፈጠረው ነገር ይመስለኝ ነበር። ዘንድሮ ግን የምር ሆነ። ለወጣቶች ቡድን አራት ልጆች ይመረጣሉ። ምርጫው በሦስት ውድድሮች ድምር ነው፤ ትናንት የመጀመሪያው ነበር።

የሜዳው ደንብ በሩ ላይ ተለጥፏል። አንብቤዋለሁ፤ እንዲያውም ሁለት የፊደል ግድፈት አግኝቼበት ለጸሐፊው ነግሬዋለሁ። ወላጅ ከገመዱ ውጭ ሆኖ ይከተላል። ለተጫዋች ምክር የሚሆን ቃል ከአፉ ከወጣ በልጁ ላይ ሁለት ምት ይጨመራል። በጎልፍ የሚያሸንፈው ጥቂት የመታ ነውና ምት መጨመር ቅጣት ነው።

የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ልጄ ሁለተኛ ነበረች። ጉድጓዱ ላይ ከተተከለው ባንዲራ ርቃ ቆማ ሰባት ቁጥር ዱላዋን መዘዘች። ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል። እኔ ሠላሳ ዓመት ያህል ጭነትና ርቀት ሳሰላ የኖርኩ ሰው ነኝ። «በሰባት ቁጥር አይደርስም» አልኩ። አጠገቤ የቆመው አብራት የምትጫወት የአንዲት ረዥም ልጅ አባት ነበር፤ የጥርስ ሐኪም ነው።

ዳኛው መጣ። «ለሐኪሙ ነው የነገርኩት» አልኩት።

«ጋሼ፣ ለሐኪሙ ቢሆን ሐኪሙ ብቻ ይሰማዎት ነበር።»

ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ በዚያው ሰባት ቁጥር መታች። ኳሷ ሄዳ፣ ሄዳ፣ ባንዲራው እግር ሥር ቁጭ አለች።

ደረሰች። ያስቀየመኝ ይኼ ነው። የሚያስቀይም ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ከሁለተኛ ወደ ስድስተኛ ወረደች። እራት ላይ ሹካዋን አስቀምጣ፣ «አባዬ፣ እኔ ካልጠራሁህ ሜዳው አትምጣ» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸት ሰፈሬ ነው፣ መግቢያ መውጫውን አውቀዋለሁ።

ባለቤቴ ሳህኖቹን እያነሳች «ያፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለች።

«ማን እሺኝ አለሽ?» አልኳት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ቸኩያለሁ። የግንባታ ዕቃ በምንፈትንበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ዛሬም ጮህኩ። ቴክኒሻኗ እንዲጠነክሩ ውሃ ውስጥ የምናቆያቸውን የኮንክሪት ኩቦች ከገንዳው ያለ ጊዜያቸው አውጥታቸዋለች። ማሽኑ ሲጨፈልቃቸው ከሚጠበቀው ጭነት በታች ተሰበሩ። ልክ ልኳን ነገርኳት። «ሁሉንም ጣዪው፣ ከመጀመሪያው ጀምሪ» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ወጣች። ትክክል ነበርኩ። ትክክል መሆኔን ሦስት ጊዜ ለራሴ ነገርኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ልጄ በጠዋት ወጣች። የት እንደምትሄድ ነግራናለች፤ ለእናቷ ማለቴ ነው።

ይህቺ ልጅ በፊት እንዲህ አልነበረችም። በእኔ ወጥታ ነበር። እንቆቅልሽ ካልተፈታላት መጫወቻውን ከግድግዳ ታላጋ ነበር፤ በር ስትዘጋ የጎረቤት መስኮት ይንቀጠቀጥ ነበር። አክስቶቿ «አባቷን ቁርጥ» ይሉ ነበር፤ ለሙገሳ ይሁን ለሐዘኔታ አይታወቅም። አሁን በር ስትዘጋ መያዣውን ይዛ፣ አዙራ፣ ለቅቃ ነው። ባለፈው እሑድ ያንን ነገር ተናግራኝ ስትነሳ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው መለሰችው። ተናዳ ነበር፤ ከንፈሯ ነጥቷል። ወንበሩን ግን መለሰችው።

ሜዳ ላይ አይቻታለሁ። ስትመታ ዱላው ሣሩን ከነአፈሩ ቆርጦ ይወረውራል። ሄዳ ቁራጩን ታነሳለች፣ ጉድጓዱ ላይ ትመልሰዋለች፣ በጫማዋ ትጫነዋለች። ምቱ ጥሩም ይሁን መጥፎ። ከኋላ ለሚመጣ፣ ለማታውቀው ሰው ብላ።

እኔ ነኝ ያሳደግኋት እላለሁ። ወንበሩን ማን እንዳስተማራት ግን እንጃ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ከቤተ ሙከራው ስመለስ በሜዳው ጀርባ ባለው መንገድ አለፍኩ። ትንሽ ይዞራል፣ ግን መኪና አይበዛበትም።

በሽቦው አጥር ውስጥ አየኋት። ብቻዋን ነበረች፤ ኳስ ለማሰናከል አሸዋ የሞሉበት ጉድጓድ አፍ ላይ ቆማ ጀርባዋን ሰጥታ ኳሶቹን ወደ ኋላ ትወረውራለች። የት እንደወደቁ አታይም። ከዚያ ዞራ ትገባና እያንዳንዱን ካለበት ትመታዋለች። አንዱ የሰው ዱካ ውስጥ ገብቶ ግማሹ ተቀብሯል። በጫማዋ ጫፍ ትንሽ ብትገፋው ማን ያያታል? እኔ ብቻ፣ እኔ መኖሬንም አታውቅም። አልገፋችውም። መታችው፣ አልወጣም። ደግማ መታችው፣ ተመልሶ እግሯ ሥር ተንከባለለ። ሲወጣም የትም አልደረሰም። ጨርሳ አሸዋውን በመጥረጊያው አስተካከለች፤ ኳሶቹን ለቀመች፤ እንደገና ጀርባዋን ሰጥታ ወረወረቻቸው።

አንድም ጊዜ ወደ ሰማይ አላየችም። አንድም ጊዜ ዱላውን አልረገመችም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እስክሪብቶ እምቢ ሲለኝ በመስኮት የምወረውር ሰው ነኝ።

እስኪመሽ ቆምኩ። ሽቦውን እንዴት አጥብቄ እንደያዝኩት ያወቅኩት ጣቶቼ ላይ መስመር አውጥቶ ሳየው ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ተያዝኩ። አሰልጣኟ በአንድ ጉልበቷ እያነከሰች ወደ አጥሩ መጣች። ጠና ያለች ሴት ናት፤ ስትስቅ ድምፅ የላትም፣ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚስቀው።

«ኢንጂነር፣ ሽቦው ምን አደረገዎት? ሊነቅሉት እኮ ነው።»

«መንገዴ ነው» አልኳት።

«አዎ፣ ሁሉም አባት መንገዱ ነው። ይግቡ ብዬ አልለምንዎትም። እሷ ካላለች አልልም።»

ገባኝ አልኩና፣ ልጄ ከአሰልጣኟ ጋር እንዳልነጋገር ስላልከለከለችኝ ጠየቅኋት። ይህቺ ልጅ ንዴቷን የት አደረገችው?

«ንዴት አልከለክልም። ልጆቹ ዱላው ቦርሳው ውስጥ እስኪመለስ ይናደዱ። ከተመለሰ በኋላ ንዴቱ የቦርሳው ነው፣ ቀጥሎ ያለው ምት የእነሱ ነው።»

«በእኔ ዕድሜ ላለ ሰውስ ቦርሳ አለ?»

«የእርስዎማ የጭነት መኪና ይፈልጋል» አለች፤ ትከሻዋ ሳቀ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ተናደድኩ። ከዚያ እኔም ሳቅኩ፤ ሰው እንዳያየኝ ዙሪያዬን ካየሁ በኋላ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24፣ ማታ

ሁለተኛው ውድድር ዛሬ ነበር። አልሄድኩም። የወጥ ቤቱን ቧንቧ ፈትቼ ገጠምኩ፤ የሚያፈስ ነገር አልነበረውም።

ባለቤቴ ከመድኃኒት ቤቷ ተመልሳ ነበር ልጅቷ ስትመጣ። እኔ ሳሎን ነኝ። «እንዴት ነበር?» አልኳት። «ደህና» አለችኝና ወደ እናቷ ገባች።

ከዚያ በግድግዳው በኩል ሰማኋት። ለእናቷ ትነግራታለች። አንደኛው ጉድጓድ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፤ እያንዳንዱን ምት፣ ኳሷ የት እንደወደቀች፣ ምን እንዳሰበች፣ ምን እንዳስፈራት። እናቷ ስለ ጎልፍ የምታውቀው ኳሷ ነጭ መሆኗን ነው። «እህ» ትላለች፣ «ከዚያስ?» ትላለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች። ልጄ ያንን ያህል ስታወራ ከሰማሁ ዓመት አልፎኛል። ድምፅዋ እንደ ወንዝ ይፈስ ነበር። ውሃ ልጠጣ ብዬ ገባሁ። ቆመ። ስወጣም አልቀጠለም።

ቆይቶ ባለቤቴ «ምን አለ ለእሱም ብትነግሪው?» ስትላት ሰማሁ።

«እማዬ፣ የምነግረው እሱ ጋ ሲደርስ እኮ ይታረማል። የሆነውን አይሰማም፤ መሆን የነበረበትን ነው የሚሰማው።»

ውጤቷን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። በድምሩ አምስተኛ፤ ከአራተኛዋ፣ ከረዥሟ ልጅ፣ በአንድ ምት ትበለጣለች። ሦስተኛው ውድድር ኅዳር ላይ ነው።

የቡድኑን ቦታ እፈልግላታለሁ። እውነቱን ልናገር ከተባልኩ ግን ከቡድኑ ይልቅ ያንን ወሬ ነው የምፈልገው። ከአንደኛው ጉድጓድ ጀምሮ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

የሆነውን አልሰማም? ሥራዬ ምንድን ነው? ኩቡ ማሽን ውስጥ ይገባል፣ ይሰበራል፣ ስንት እንደተሸከመ እጽፋለሁ። ከሆነው ውጭ ምንም አልጽፍም። ሕንፃ የሚቆመው በዚያ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቴክኒሻኗ ስለ ገንዳው ልትነግረኝ መጣች። ገና «ኢንጂነር፣ ያን ዕለት…» ከማለቷ «ማድረግ የነበረብሽ…» ብዬ ጀመርኩ። እዚያው ላይ ምላሴ ተያዘ። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ጠየቅኋት። የገንዳው ማሞቂያ ተበላሽቶ ውሃው ቀዝቅዞ ኖሮ፣ ኩቦቹን ልታድን ነበር ያወጣቻቸው። ያደረገችው ነገር ስህተት ነው፤ ሌላ ገንዳ ነበረ። ያም ሆኖ መነሻዋ ስንፍና አልነበረም። «እሺ» አልኳት። ሌላ ምን እንደሚባል አላውቅበትም። እሷም ሌላ የምትጠብቅ አልመሰለችም፤ ቶሎ ወጣች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ለማንም የማልነግረውን እዚህ ልጻፍ። ከከተማው ሌላ ጫፍ ባለ መለማመጃ ቦታ ዱላ ተከራየሁ።

ሳትኩ። እንደገና ሳትኩ። ቆማ ያለች ኳስ፣ ማንም ያልያዛት፣ ማንም የማይቀማኝ፣ እና ሳትኩ። በግራዬ አንድ ሽማግሌ፣ በቀኜ ሁለት ታዳጊዎች ነበሩ። ማንም አልሳቀም። ሰው ሊመታ ሲቆም ዝም ማለት ወጋቸው ነው፤ የእኔን ዓይነቱንም መሳት በዚያው ዝምታ አለፉልኝ። በልጄ ላይ የሰበርኩት ይህንን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ደንብ ብቻ መስሎኝ ነበር።

አንዷን አገኘኋት። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እጄ ላይ ምንም አልተሰማኝም፤ ኳሷ ግን ሄደች፣ ከፍ ብላ፣ ዝቅ ለማለት የማትቸኩል መስላ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ቀጥሎ ያሉት በሙሉ መሬት ለመሬት ተሳቡ። ተናደድኩ፤ ንዴቱን የማስቀምጥበት ቦርሳ አልነበረኝም፤ ዱላው የኪራይ ነው።

ልጄ ይህንን ለዓመታት ስታደርግ ኖራለች። አንዴ ወደ ሰማይ፣ አሥሬ ወደ መሬት፣ እና ተመልሳ ትመጣለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ጠየቅኋት። ቃላቱን መኪና ውስጥ ተለማምጄ ነበር፣ ስደርስ ጠፉኝ። «የመጨረሻው ላይ ልምጣ?» ብቻ አልኩ።

«ላስብበት» አለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ቁርስ ላይ፤ «አሥራ አራተኛው ጉድጓድ ጋ ሰሌዳ የሚይዝ ሰው ጠፍቷል።»

«የምን ሰሌዳ?»

«‹ዝም ይበሉ› የሚል። ተጫዋች ሊመታ ሲቆም ከፍ ታደርገዋለህ፣ ተመልካቹ ዝም ይላል።»

ባለቤቴ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች፤ ሳቋ ሊደፋው ነበር። «ጅብን ሥጋ ጠባቂ ማለት ይኼ ነው» አለች።

ልጄ አልሳቀችም፣ ዓይኗ ግን ሳቀ። «ከዚያ አትንቀሳቀስም። የምትይዘው ለሁሉም ነው፣ ለእኔ ብቻ አይደለም። እኔ ካለፍኩ በኋላም አትከተለኝም።»

ከአሥራ ስምንት ጉድጓድ አንዱ። ተቀበልኩ። ሳልደራደር የተቀበልኩት ነገር መኖሩን አላስታውስም።

እሑድ፣ ኅዳር 8፣ ጠዋት

ደመና። ነፋስ የለም። ጫማዬን ሁለቴ አሰርኩት። ሰሌዳው ከሚታሰበው በላይ ይከብዳል ይላሉ። እሷ ቀድማ ሄዳለች።

እሑድ፣ ኅዳር 8፣ ማታ

ገብታለች። አራተኛ ሆና። ረዥሟ ልጅ ሦስተኛ።

ይህንን አስቀድሜ የጻፍኩት ሌላውን ሳልቸኩል እንድጽፍ ነው።

አሥራ አራተኛው ጉድጓድ ዳገት ላይ ነው፤ በግራው ዛፎች አሉ። እዚያ እንደ ጅብራ ተገትሬ ዋልኩ። ሰሌዳውን ከፍ ሳደርግ ሰዉ ዝም ይላል። ሰውን ዝም ያሰኘሁባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው፤ ሳልናገር ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

ልጃገረዶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ መጡ። አንዷ ክፉኛ ሳተችና ዱላዋን ወረወረች፤ ወዲያው ሄዳ አነሳችው፣ አብራት የምትጫወተዋን ይቅርታ ጠየቀች፣ ቀጥሎ ያለውን በእንባ መታች። አንዷ ዕድሜዋ ለጋ ነው፤ ኳሷ ከዳገቱ እየተንከባለለች ወደ እግሯ ሁለት ጊዜ ተመለሰችባት፤ በሦስተኛው ሳቀች። የሰው ልጆች ናቸው፣ ስማቸውን አላውቅም። ለእያንዳንዳቸው ሰሌዳውን ሳነሳ ትንፋሼን እንደያዝኩ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ማንም ያላያቸው መስሏቸው የቆረጡትን ሣር ይመልሱ ነበር። እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነገር ምን ያህል እንደሚችል ለማወቅ እንሰብረዋለን። እዚህ ግን ልጆች ቀኑን ሙሉ ሲሰበሩና ሲገጠሙ ዋሉ፤ በገዛ እጃቸው።

ከዚያ የእኔዋ መጣች፤ ከረዥሟ ጋር። የጥርስ ሐኪሙ ከገመዱ ውጭ ይከተላቸዋል። ልጄ አየችኝ፣ እንደማንኛውም ሰሌዳ ያዥ ራሷን ነቀነቀችልኝ፣ መታች። ኳሷ ቅርንጫፍ መትታ ዛፎቹ ውስጥ ወደቀች።

ፍለጋ ጀመሩ። ጊዜው አጭር ነው፤ ካልተገኘች ተመልሳ እንደገና መምታት አለባት። ያኔ የቡድኑ ነገር ያከትማል። ረዥሟ ልጅ በጉልበቷ ተንበርክካ ቅጠል ትገልጣለች። ያንን አንድ የቡድን ቦታ እሷም ትፈልገዋለች እኮ። ብትዘገይ፣ ዓይኗን ብትሰብር፣ ማንም ምንም አይላትም። «እዚህ ናት» ብላ የጠራችው እሷ ናት።

ሁለት ሥሮች መሀል ተሸጉጣለች። ልጄ ቁጭ ብላ አየቻት፤ ዞራ አየቻት። ሐኪሙ ከጎኔ «የአንድ ምት ቅጣት ወስዳ በእጇ ብታወጣት…» ብሎ ማጉረምረም ጀመረ። ሰሌዳውን ወደ ፊቱ አዞርኩለት። አነበበው። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሲያስከፍት የሚውል ሰው የራሱን ዘጋ።

እኔም ውስጤ ይጮህ ነበር። ስንት ስሌት ነበረኝ። ልጄ ግን ዱላዋን ገለበጠች፤ በግራ እጅ እንደሚመታ ሰው ቆመች፤ ለእሷ የተሠራ ባልሆነው ጎን፣ ቀስ ብላ መታች። ኳሷ ወደ ባንዲራው አልሄደችም። ወደ ሣሩ ብቻ ወጣች፤ ወደ ጎን፣ ጥቂት እርምጃ። ልጄ ዱላውን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። ፊቷን ያየሁት ያኔ ነው። ሰላም አልነበረም፤ ሰላም አይባልም። አንድን ከባድ ነገር አንስቶ ትክክለኛ ቦታው ያስቀመጠ ሰው ፊት ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሃምሳ ካለፈኝ ወዲህ ያንን ፊት መስታወት ውስጥ አንድ ቀን አላየሁትም።

በአጠገቤ ስታልፍ «አባዬ፣ አሁን አውርደው» አለችኝ። ክንዴ አሁንም ወደ ላይ ነበር።

አንድ ምት ብቻ ከስራ ጉድጓዱን ጨረሰች። ዳገቱን ወጥታ ተሰወረች። ከኋላዋ ገና የሚመጡ ነበሩ፤ አነሳሁላቸው። ከዳገቱ ማዶ ጭብጨባ ሰማሁ፤ ለማን እንደሆነ አላወቅኩም። እግሬ ሁለት ጊዜ ሊሄድ ፈለገ፤ አልሄደም።

የመጨረሻዎቹ አልፈው፣ ሰዉ ተበትኖ፣ ቦርሳዋን አንግታ በዳገቱ መጣች።

«አልቋል እኮ። ሁሉም ሄዷል።»

«ማንም ሂድ አላለኝም» አልኳት።

ሳቀች። ውጤቱን አልጠየቅኳትም፤ ልጠይቅ ነበር፣ ግን እሷ ቀድማ ማውራት ጀመረች። «አንደኛው ላይ በጣም ፈርቼ ነበር የቆምኩት» አለች። በሣሩ ላይ አብረን ወረድን። ሁለተኛውን ነገረችኝ። ሦስተኛው ላይ አምስት ቁጥር መረጥኩ ስትል ምላሴ ጫፍ ላይ አንድ ነገር መጣ። እሷም ጠበቀች፤ የሚመጣውን ስለምታውቀው ትከሻዋን ሰብሰብ አድርጋ። «ከዚያስ?» አልኳት። ትንሽ አየችኝና ቀጠለች። እስከ አሥራ ሦስተኛው እንዲያ ሄድን፤ የፈራችውን፣ የሳተችውን፣ ዕድል የረዳትን፣ አንዱንም ሳታስቀር። አራተኛ መሆኗን በመካከሉ እንደ ቀላል ነገር ጣል አደረገችው።

ከዚያ ቆመች። «አሥራ አራተኛውን አንተ ንገረኝ» አለች። «እኔ ውስጡ ነበርኩ፣ አላየሁትም።»

ብዙ ሰው ፊት ንግግር አድርጌ አውቃለሁ፤ እንዲህ ጨንቆኝ አያውቅም።

«ሁለት ሥሮች ነበሩ» ብዬ ጀመርኩ። ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛውራ፣ እርምጃዋን ቀነስ አደረገች።